ለአንድ ብሎግ የወሰድነው እዝን

ብሎግ ስጀምር አንባቢዎቼ ሁለት ነበሩ፦ አክስቴና የድሮ ፍቅረኛዬ። አክስቴ ሳታነብ «ጎበዝ፣ በርቺ!» ብላ ትሄዳለች። እሱ ደግሞ ስለ እሱ ጽፌ እንደሆነ ለማጣራት ያነባል። ጽፌያለሁ። ግን ራሱን አላወቀውም፤ ሰውዬው ራሱን ቆንጆ አድርጎ ነው የሚያስበው።

የምሠራው ቀጨኔ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ባለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ስላልመጣልኝ፣ የመጣላቸውን ሰዎች ዲግሪ ኮፒ አደርጋለሁ። ሥራው አይከፋም። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ለንስሐ አባቱ ያልነገረውን ሁሉ ይነግረኛል። አንድ አባወራ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብለው ይጀምሩና ሚስታቸው ለምን ጥላቸው እንደሄደች ያስረዳሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የውሃ ቆጣሪ ማመልከቻ ነው» እላቸዋለሁ።

«ገብቶኛል። ግን ሁኔታውን ይወቁት።»

ይሄ ሁሉ ወሬ መዝገብ ቤት ገብቶ አቧራ ከሚበላው ብዬ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰዎቹ እንዳይታወቁ እያደረግኩ ብሎጌ ላይ መጻፍ ጀመርኩ።

ከማላውቀው ሰው የመጣልኝ የመጀመሪያ አስተያየት እንዲህ ይላል፦ «መግቢያው ጥሩ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ሰልችቶሽ ነው የዘጋሽው። ያስታውቃል።»

በቃ ይኸው ነው። ሰላምታ የለ፣ የሚያጨበጭብ እጅ የለ። ደሜ ፈላ። «አንተ ማን ነህና?» ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ጽሑፌን እንደገና አነበብኩት። ሰልችቶኝ ነበር የዘጋሁት። እኔ ሁሉ ነገር ቶሎ ነው የሚሰለቸኝ፤ እናቴ «ወንበር ላይ እሾህ ያለባት» ትለኛለች። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ እሾሁን ከጽሑፌ ላይ ያየው ሰው አልነበረም።

ማን ነው ብዬ የእሱን ብሎግ ከፈትኩ። «አንድ ድስት» ይባላል። ጎሚስታ ነው፤ ሸጎሌ፣ ከከብት ገበያው አለፍ ብሎ ጎማ ይለጥፋል። ወንደላጤ ነው፤ ያለው ድስት አንድ ነው፤ የሚጽፈውም በአንድ ድስት ምን ምን መሥራት እንደሚቻል ነው። «ሽንኩርት ስትከትፍ ብታለቅስ አትፈር፤ ብቻህን የምትኖር ከሆነ ሰበብ ማግኘትህም አንድ ነገር ነው» ዓይነት። ስለ ሽሮ ይጀምርና ጓዳ በር ላይ ቆሞ እናቱን አጮልቆ የሚያይ ልጅ ጋ ይደርሳል። እናቱ «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል? ውጣ!» እያሉ በማማሰያ ያባርሩት ነበር። ወጥ መሥራት የተማረው እየተባረረ ነው። እሳቸው አሁንም ገጠር ናቸው። ልጃቸው ጎማ እንደሚለጥፍ እንጂ ሽሮ እንደሚያማስል አያውቁም፤ እንዲያውቁም አይፈልግም።

ሦስተኛዋ ዘማሪ ናት፤ አዲሱ ገበያ አካባቢ ባለ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ የምታገለግል። ብሎጓ መንፈሳዊ ነው ትላለች። «ወገኖቼ፣ ጸልዩልኝ» ብላ ትጀምርና የኳየሩን ሐሜት አንድም ሳታስቀር ትዘረግፈዋለች። መጨረሻ ላይ «ጌታ ይማራቸው» ትላለች፤ ማንን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አራተኛዋ እትዬ ናቸው። ጡረታ የወጡ ታይፒስት፤ እኔ በሁለት ጣት እንደ ዶሮ የምለቅመውን ኪቦርድ እሳቸው በአሥሩም ጣታቸው ያዘንቡበታል። የሚጽፉት ስለ ሞቱ ጎረቤቶቻቸው ነው። ክፉዎቹን ሳይቀር። «ሟች ሌባ ነበር፤ ግን ከሩቅ ሰፈር እንጂ ከጎረቤት አይሰርቅም» ብለው ይጀምራሉ። እኔ እንዲህ ያለ መግቢያ ለመጻፍ አንድ ኩላሊቴን እሰጣለሁ።

ያሰባሰቡን እትዬ ናቸው። አንድ ቀን ሱቅ መጥተው፣ ስልካቸውን ባንኮው ላይ አስቀምጠው፣ «እስቲ እይልኝ፤ ሰው ነው የሚያነበኝ ግድግዳ?» አሉ።

አየሁላቸው። «ግድግዳ ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ እድር እናቋቁማ!»

«የብሎግ እድር? ማን ሞቶ?»

«እስኪሞት ነው እንዴ የምትጠብቂው? አንቺ ልጅ! ብቻውን የሚጽፍ ሰው ብቻውን ከሚያለቅስ በምን ይለያል? ሰው ሊደርስለት ይገባል።»

እኔ «መደጋገፍ» የሚል ቃል ስሰማ ትዝ የሚሉኝ የቀጨኔ ቤቶች ናቸው። እነሱም ይደጋገፋሉ፤ አንዱን ሊያድሱ ሲነኩት እስከ ታች ሰፈር ግድግዳ ይሰነጠቃል። ግን እትዬን እንቢ ማለት አይቻልም። ጎሚስታውንና ዘማሪዋን ጠራሁ፤ ስልካችን ላይ ቡድን ከፈትን፤ እትዬ ራሳቸውን ዳኛ አድርገው ሾሙ።

ሕጉ እንዲህ ነበር። አንዱ ሲጽፍ ሁሉም በዕለቱ ይደርሳል። መድረስ ማለት አንብቦ፣ ያነበበው ውስጥ የቱ ቦታ እንደነካው ወይም እንዳሰለቸው መናገር ነው። «ጎበዝ፣ በርቺ» አይቆጠርም። «እሱ እኮ» አሉ እትዬ፣ «ድንኳን በር ላይ ታይቶ በጓሮ እንደ መሹለክ ነው።» ያልደረሰ ይቀጣል። ቅጣቱን ያመጣው ጎሚስታው ነው፦ የቀረ ሰው ብሎጉ ላይ በመጀመሪያ የጻፈውን፣ ያንን የሚያሳፍረውን፣ ሰው ፊት ጮክ ብሎ ያነባል። ከዚያ ወዲያ ማንም ቀርቶ አያውቅም። ዘማሪዋ በወባ ተይዛ ተኝታ ሳለ እንኳን «ሁለተኛው አንቀጽ ረዝሟል፣ ጌታ ይባርክህ» ብላ ጽፋለች።

እንዲህ እያልን ከረምን። በአራታችን መካከል የተባለውን ብትሰሙ ጠላቶች ነበር የምንመስለው። ግን እኔ በሕይወቴ አንድ ነገር ሳይሰለቸኝ የቀጠልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ምክንያቱም መጨረሻው ላይ ስዘጋው የሚያውቅብኝ ሰው ነበረኝ።

ከዚያ ያ ጉድ መጣ።

ብዙ ተከታይ ያለው አንድ አሿፊ ገጽ የጎሚስታውን ፎቶ ወሰደ። ፎቶው ላይ ድስቱ አሮጌ ቸርኬ ላይ ተጥዷል፤ የመኪና ጎማ የሚታሰርበት ብረት እንደ ጉልቻ ሆኖ ማለት ነው፤ እሱ በግሪስ የጠቆረ እጁን አጥቦ አጥቦ ማማሰያ ይዟል። ከላይ «ሚስት አጣሁ ለማለት ረጅሙ መንገድ» ተብሎ ተጽፎበታል። አገር ሳቀ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳየው እኔም ከንፈሬ ተንቀሳቅሷል። ከዚያ አስተያየቶቹን አነበብኩ፤ ከንፈሬ ቆመ።

እኛ በሕጋችን መሠረት ደረስን። አልተሳደብንም፤ እትዬ «ለቅሶ ቤት አይሰደቡም» ስላሉ፣ አስተያየቱ ሥር ተራ በተራ ሄደን ስለ ሽሮው እያወራን ተቀመጥን። ማን ሊያየን! በዚያ ጎርፍ ውስጥ አራት ጠብታ እንኳን አልነበርንም፤ ሦስት ነበርን።

እሱ የሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ባሰ። የሥራ ባልደረቦቹ «እማማ» ይሉት ጀመር። አንዱ ሾፌር የተነፈሰ ጎማ አምጥቶ፣ «በሽሮ ነው በኮላ የምትለጥፈው?» አለው። ይሄን ሁሉ ለዘማሪዋ ነግሯት ነው የሰማነው፤ እኔን ደፍሮ አልነገረኝም፤ ሄጄ እንደምደባደብ ያውቃል። የፈራው ግን ሳቁን አይደለም። የአገሩ ልጆች ስልክ አላቸው፤ ፎቶው ተንከባሎ ተንከባሎ እናቱ ጋ ቢደርስስ? ይሄ ነበር እንቅልፍ የነሳው።

አንድ ሐሙስ ቀን ብሎጉን ዘጋው። ስከፍተው ባዶ። ቡድናችን ላይ «ተውኩት። እናንተም ተዉኝ» ብሎ ጽፎ ወጣ። ስደውል አያነሳም።

የሆነውን ልንገራችሁ? አርብ ዕለት አንድ ጽሑፍ ጻፍኩ፤ መጨረሻው ላይ ሰለቸኝና ዘጋሁት። ማንም ምንም አላለኝም። ኮምፒውተሩን በጥፊ መታሁት።

ቅዳሜ ሦስታችንም ሱቅ ተሰበሰብን።

«እንጸልይለት» አለች ዘማሪዋ።

«ጸልዪ፤ እኔ ግን በሩን ሰብሬ እገባለሁ» አልኩ።

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰው ሞቶበታል» አሉ። «የጻፈው ሁሉ ነው የሞተው። ሰው ሲሞትበት ምን ይደረጋል? እዝን ተይዞ ይኬዳል። ሐዘንተኛ ምጣድ አይጥድም፤ ጎረቤት ነው አብስሎ የሚወስድለት። እኛም እሱ የጻፈውን ምግብ ሠርተን እንውሰድለት። በወጉ ከሆነ ደግሞ በወጉ ነው፤ ነጠላ ይዘቅዘቅ። ቢያንስ ይስቃል።»

ወደድኩት። ለብሎግ ለቅሶ! ከዚህ የሚበልጥ ቀልድ ከየት ይመጣል? ዘማሪዋም «ጥቁር ቀሚስ አለኝ» አለች። እሁድም ሥራ ስላለው ሳይወጣ ለመድረስ ገና ማለዳ ለመሄድ ተስማማን።

እዚህ ላይ ሦስት ጤነኛ ሰዎች፣ እትዬማ ዕድሜያቸውን ሙሉ እድር ውስጥ የኖሩ፣ እንዴት እንዳልታየን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እዚህ አገር እኮ ሞት በስልክ አይነገርም። ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። አንድ ቃል ሳይናገሩ መርዶ ነው። ይሄን ሕፃን ያውቀዋል።

እሁድ ማለዳ ሸጎሌ ከታክሲ ወረድን። እኔ ሽሮ በድስት፣ ዘማሪዋ ፓስታ፣ እትዬ ምስር ይዘናል። በግ የሚነዳ ነጋዴ አየንና ኮፍያውን አውልቆ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለን። «አሜን» አልኩት፤ ሳቄን ለመዋጥ አቀርቅሬ። ማቀርቀሬ ደግሞ የባሰ ሐዘንተኛ አስመሰለኝ መሰለኝ፣ በጎቹን ለጓደኛው ትቶ ተከተለን።

እሱ የተከራየበት ግቢ በር ላይ አከራዩዋ እየጠረጉ ነበር። አዩን። ድስቶቹን አዩ። መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ። ምንም ሳይጠይቁ ነጠላቸውን ገልብጠው ለበሱና ከኋላችን ሆኑ። ዞር ስል ሁለት ጎረቤቶችም ተጨምረዋል። አንዷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች።

«እትዬ» አልኩ በሹክሹክታ፣ «ሰው በዛብን።»

እትዬ ዞረው አዩ። ፊታቸው አመድ ሆነ። አፋቸውን ሲከፍቱ በሩ ተከፈተ።

ጎሚስታው የጥርስ ብሩሽ በአፉ እንደያዘ ነበር። እኔን አየ። እትዬን አየ። ጥቁሩን ቀሚስ አየ። ከኋላችን የሚያለቅሰውን ሰው አየ። ብሩሹን ከአፉ አወጣና፣ «እማዬ?» አለ። ጥያቄ ነው የሚመስለው፤ ግን አልነበረም። ደፉ ላይ ተቀመጠ።

«አይደለም! ብሎግህ ነው የሞተው! ብሎግህ!» ብዬ ጮህኩ።



«ብሎግ የሚሏት ማናት?» አሉ አከራዩዋ እያለቀሱ። «እህቱ ናት?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። እሱ ግን አልሰማንም። መርዶውን የምናለዝብለት መስሎታል፤ መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ «ትንሽ አሟቸው ነው» ይላላ። ስልኩን አወጣና እናቱ ጋ ደወለ። ጠራ። ጠራ። አልተነሳም። እንደገና ደወለ። አልተነሳም።

«ልጄ፣ እሁድ እኮ ነው፤ ቅዳሴ ላይ ናቸው» አሉ እትዬ። ድምፃቸው አነስ ብሎ ነበር።

«ዝም በሉ!» አላቸው። እትዬን እንዲያ የተናገራቸው ሰው አይቼ አላውቅም። 

መሄድ አልቻልንም። እናቱ በሕይወት መኖራቸው ሳይታወቅ ማን ይሄዳል? ጎረቤቶቹም፣ ነገሩ ግማሽ ገብቷቸው ግማሽ ሳይገባቸው፣ አግዳሚ ወንበር አምጥተው ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ለቀልድ የመጣነው ለቅሶ የምር ለቅሶ ሆኖ ቁጭ አለ።  አከራዩዋ፣ ልማድ ነውና፣ ድስቶቹን ከፍተው እንጀራ አመጡና ለሰዉ አቀረቡ። በግ ነጋዴው ሽሮዬን ቀመሰ። አኘከ። ሽሮ አይታኘክም እኮ! ቀና ብሎ አየኝና፣ ለሐዘኑ ክብር ሲል ዋጠው።

ጎሚስታው ደፉ ላይ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ዘማሪዋ አጠገቡ ተቀምጣ በልቧ ትጸልያለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሜት የሌለበት ጸሎት ይመስለኛል። እኔ መቀመጥ የማልችለው ሰው ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አልተነሳሁም።

ፀሐይዋ ግቢው መሀል ስትደርስ ስልኩ ጮኸ።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትደውል? ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ እኮ!» የሚል ደረቅ የሴት ድምፅ ግቢውን ሞላው። ድምፅ ማጉያውን የነካው ሳያውቀው ነው።  እሱ ስልኩን ግንባሩ ላይ አስደግፎ አለቀሰ።

«ታለቅሳለህ እንዴ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማዬ። ጓደኞቼ... ለቅሶ መጥተው... ስለ ሽሮ...» ብሎ ያልሆነ ነገር ይቀላቅል ጀመር። አከራዩዋ አላስቻላቸውም፤ ከወዲያ ሆነው፣ «ልጅዎ እኮ ወጥ ይሠራል፣ እመቤት! ጎረቤቱን ሁሉ በመዓዛው የሚያስጎመጀው የእሱ ሽሮ ነው!» ብለው ጮኹ።

ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። ይሄን ነበር የፈራው፤ ይኸው ደረሰ፣ ያውም በሕዝብ ፊት።

ከስልኩ ውስጥ ዶሮ ጮኸ።

«ሽሮ ትሠራለህ?» አሉ እናቱ።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከ... ድሮ ጀምሮ።»

«እና እኔ ጋ ስትመጣ እጅህን አጣምረህ እንደ ሹም የምትቀመጠው ለምንድን ነው? እኔ በዚህ ጉልበቴ ጎንበስ ቀና እያልኩ!»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። በግ ነጋዴው መሬት ላይ ተቀመጠ። እሱም፣ እንባው ጉንጩ ላይ እንዳለ፣ ከሆዱ የወጣ አንድ ሳቅ ሳቀ።

አከራዩዋ አሁንም ያ «ብሎግ» ምን እንደሆነ ስላልገባቸው እትዬ ለእናትየውም ለእሳቸውም አንድ ላይ አስረዱ፦ ልጁ ምግብ ሲሠራ የሚያስበውን የሚጽፍበት ቦታ ነው፤ ስለ እርስዎም ብዙ ጽፏል፤ አሁን ግን ዘግቶታል።

«ስለ እኔ? ምን ብሎ? አንብብልኝ!» አሉ እናቱ።

«ተዘግቷል፣ እማዬ።»

«በሩን የዘጋ አይከፍትም? ክፈትና አንብብልኝ!»

ሰው እናቴ ሞተችብኝ ብሎ ከቆየ በኋላ እናቱን እንቢ አይልም። የኔን ስልክ ተቀብሎ ብሎጉን ከፈተው። የጓዳዋን በር፣ ማማሰያዋን፣ አጮልቆ የሚያየውን ልጅ አነበበላቸው።  ሲጨርስ እናቱ «ነጭ ሽንኩርቱን አሳንሰሃል» አሉ። «በማማሰያም አልመታሁህም፤ አስፈራራሁህ እንጂ። አስተካክለው።»

ከዚህ የተሻለ የእድር አባል የት ይገኛል?

ስልኩ ሲዘጋ መሀላችን መጥቶ ቆመ። አልሳቀም። «ከዛሬ በኋላ» አለ፣ «ቤቴ በማለዳ የምትመጡ ከሆነ ገና ከመንገድ እየዘፈናችሁ ኑ።» እትዬ አቀርቅረው «ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አሉት። ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳማቸው። ከዚያ ከድስቴ በጣቱ ቀመሰ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ያንተ ሽሮ።»

«የኔ አይደለም! ጓጉሏል! ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት ብዬ አልጻፍኩም?»

«ጽፈሃል። ዘጋኸው። ከየት ላንብበው?»

አየኝ፤ ስልኩን አየ። ብሎጉን መልሶ አልዘጋውም። ይልቁንስ ዞሮ፣ «ትቀጣላችሁ» አለ። «ሦስታችሁም። ለቅሶ የቀረ ይቀጣል፤ ያልሞተ ሰው ለቅሶ ለመጣ ግን እጥፍ ነው።»

ስለዚህ በዚያች እሁድ፣ ሸጎሌ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅኩ ቆሜ፣ ለአከራዩዋ፣ ለጎረቤቶቹና ለበግ ነጋዴው ብሎጌ ላይ በመጀመሪያ የጻፍኩትን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ሕይወት እንደ ፎቶ ኮፒ ማሽን ናት» ብሎ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ይብሳል። እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ አንድ መስመር አልዘለልኩም።

ስጨርስ አከራዩዋ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ፣ በርቺ!» አሉኝ።

«እሱ አይቆጠርም!» አለ ጎሚስታው።